ጀርመንን ያስጠነቀቋት 8 የወዳጅነት ጨዋታዎች

ጁላይ 7 ቀን 2023 ነው። ቦታው ፉርት፣ ጀርመን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የሴቶች የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረውም። በፊፋ ደረጃ 2ኛ የነበረችው ጀርመን 77ኛ የነበረችውን ዛምቢያን ለመጨረሻ የወዳጅነት ጨዋታ ጋብዛለች። እንዲህ ያለ ግብዣ አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ቀለል ያለ ተጋጣሚ፣ ጥቂት ጎሎች፣ የደጋፊ ጭብጨባ፣ ከዚያ መልካም ጉዞ።

የሆነው ሌላ ነው። ዛምቢያ 2 ለ 0 መራች። ጀርመኖች መደበኛው ሰዓት ካለቀ በኋላ በሊያ ሹለርና በአሌክሳንድራ ፖፕ ጎሎች አቻ ሆኑ። ጨዋታው በዚሁ ያበቃ ሲመስል፣ በ90+12ኛው ደቂቃ ባርብራ ባንዳ ለራሷ ሁለተኛውን፣ ለዛምቢያ ሦስተኛውን አገባች። 3 ለ 2።

"የወዳጅነት ጨዋታ ነው፣ ምን አለው" ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን አንድ ወር ሳይሞላ፣ ኦገስት 3 ቀን፣ ጀርመን በታሪኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዓለም ዋንጫ የምድብ ጨዋታ ተሰናበተች። የ2003 እና የ2007 ሻምፒዮን፣ የ8 የአውሮፓ ዋንጫዎች ባለቤት። ከዚያ በፊት በነበሩት የዓለም ዋንጫዎች ሁሉ ቢያንስ ሩብ ፍጻሜ ደርሳለች።

ታዲያ የወዳጅነት ጨዋታዎቹ ይህን አስቀድመው ተናግረው ነበር? የእኔ መልስ አዎ ነው። ግን የተናገሩት በውጤታቸው አይደለም። የተናገሩት ጎሎቹ በገቡበት መንገድና በገቡበት ደቂቃ ነው።

ከዌምብሊ እስከ ፉርት

ነገሩን ለመረዳት ወደ 2022 ክረምት መመለስ ያስፈልጋል። በእንግሊዝ በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ ጀርመን አስደናቂ ነበረች። ዴንማርክን 4 ለ 0፣ ስፔንን 2 ለ 0፣ ፊንላንድን 3 ለ 0፣ ኦስትሪያን 2 ለ 0 አሸነፈች። በግማሽ ፍጻሜው ፈረንሳይን 2 ለ 1 ስትረታ የተቆጠረባት ጎል እንኳ ከቋሚው ተመልሶ ግብ ጠባቂዋን ሜርለ ፍሮምስን ነክቶ የገባ ነው፤ የተመዘገበውም በራስ ላይ እንደተቆጠረ ጎል ነው። ፍጻሜው በዌምብሊ 87,192 ተመልካች ፊት ተደረገ። ፖፕ በማሟሟቅ ላይ ጉዳት ደርሶባት መሰለፍ አልቻለችም። ጀርመንም በተጨማሪ ሰዓት በእንግሊዝ 2 ለ 1 ተሸነፈች። በአጠቃላይ 6 ጨዋታ፣ የተቆጠረባት 3 ጎል። ማርቲና ፎስ-ቴክለንቡርግ የምታሰለጥነው ይህ ቡድን መሠረቱ መከላከል ነበር።

የዓለም ዋንጫ ማጣሪያውን ሴፕቴምበር ላይ ከጨረሰች በኋላ ግን እስከ ውድድሩ ድረስ ያደረገቻቸው ጨዋታዎች በሙሉ የወዳጅነት ነበሩ። 8 ናቸው። ኦክቶበር 2022 ድሬስደን ላይ ፈረንሳይን 2 ለ 1 አሸነፈች። ኖቬምበር ላይ አሜሪካ ሄዳ ከአስተናጋጇ ጋር ሁለቴ ተጫወተች፤ አንዱን 2 ለ 1 አሸነፈች፣ ሌላውን 2 ለ 1 ተሸነፈች። ፌብሩዋሪ 2023 ከስዊድን ጋር 0 ለ 0 ተለያየች። ኤፕሪል ላይ ኔዘርላንድስን ሲታርድ ውስጥ 1 ለ 0 ረታች፤ ከአራት ቀን በኋላ ኑረምበርግ ላይ በብራዚል 2 ለ 1 ተሸነፈች። ጁን 24 ኦፈንባህ ላይ ቬትናምን 2 ለ 1። ከዚያ ዛምቢያ።

ደምሩት። 4 ድል፣ 1 አቻ፣ 3 ሽንፈት። 11 ጎል አገባች፣ 10 ጎል ተቆጠረባት። ከስምንቱ ጎል ሳይቆጠርባት የወጣችው በሁለቱ ብቻ ነው።

ይህን ከአውሮፓ ዋንጫው ጋር አስተያዩት። በታላቅ ውድድር፣ ስፔንና እንግሊዝን ገጥሞ በ6 ጨዋታ 3 ጎል የተቆጠረበት ቡድን፣ በ8 የወዳጅነት ጨዋታ 10 ጎል ተቆጠረበት። ከተጋጣሚዎቹ አንዱ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም ዋንጫ የሚሄደው የቬትናም ቡድን ነው። ያም ቡድን ባዶ እጁን አልወጣም፤ ታን ንያ የተባለችው ወጣት አጥቂ ባከነ ሰዓት ላይ አንድ አገባች። የዚያን ቀን ለብዙዎች ይህች ጎል ጌጥ ብቻ ነበረች፤ ጀርመን አሸንፋለችና። የቬትናም ጎልና የባንዳ ሦስተኛ ጎል ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ነገሩ ይለወጣል። በተከታታይ ሁለት ጨዋታ፣ ሁለቴ፣ ደቂቃው ካለቀ በኋላ።

የጉዳት ነገር

ፍትሐዊ እንሁን። አሰልጣኟ የምትፈልገውን የተከላካይ መስመር አንድም ቀን ሙሉ አላገኘችም። በአውሮፓ ዋንጫው ድንቅ የነበረችው የቀኝ መስመር ተከላካይ ጁሊያ ግዊን ኦክቶበር 2022 ልምምድ ላይ የጉልበቷ መስቀለኛ ጅማት ተበጠሰ። የመሀል ተከላካይዋ ማሪና ሄገሪንግ በተረከዝ ሕመም ትቸገር ነበር። በዚያ ላይ የዛምቢያው ጨዋታ ራሱ ሌላ ሰው ወሰደ። የግራ መስመር ተከላካይዋ ካሮሊን ሲሞን እዚያው ሜዳ ላይ የመስቀለኛ ጅማት ጉዳት ደርሶባት የዓለም ዋንጫው አመለጣት። ሌላዋ የግራ ተከላካይ ፌሊሲታስ ራውክም ጉልበቷን ታመመች።

ስለዚህ ጀርመን አውስትራሊያ ላይ የመጀመሪያ ጨዋታዋን ስትጀምር በቀኝ መስመር ስቬንያ ሁት፣ በግራ መስመር ሻንታል ሃገል ነበሩ። ሁት የክንፍ አጥቂ ናት። ሃገል አማካይ ናት። ሁለቱም ጎበዞች ናቸው፤ ነገር ግን የመስመር ተከላካይነት ሙያቸው አይደለም።

የወዳጅነት ጨዋታ ትልቁ ኪሳራ ይህ ይመስለኛል። ሽንፈት ይረሳል። የፊፋ ነጥብም ብዙ አይጎዳም፤ በሴቶች ደረጃ አሰጣጥ አንድ ተራ የወዳጅነት ጨዋታ የዓለም ዋንጫ ጨዋታ ከሚመዝነው ሩቡን ብቻ ነው የሚመዝነው። ጉልበት ግን የወዳጅነትና የነጥብ ጨዋታ ብሎ አይለይም።

ዛምቢያ ምን አሳየች?

ብሩስ ምዋፔ የሚያሰለጥኑት የዛምቢያ ቡድን ተአምር አልሠራም። የሠራው የሚያውቀውን ነው። ከኋላ ተሰብስቦ መጠበቅ፣ ኳስ ሲነጠቅ በአንድ ሁለት ቅብብል ወደፊት፣ ከዚያ ሩጫ። ፊት ላይ ባንዳና ሬቸል ኩንዳናንጂ ካሉ ሌላ ብዙ ነገር አያስፈልግም። ባንዳ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በተከታታይ ሁለት ጨዋታ ሀትሪክ (በአንድ ጨዋታ ሦስት ጎል) ሠርታለች። ኩንዳናንጂ በ2022/23 በስፔን ሊግ 25 ጎል ያገባች አጥቂ ናት። እነዚህ ሁለት ሰዎች ባሉበት "77ኛ" የሚለው ቁጥር ስለ አጥቂው መስመር የሚናገረው ነገር የለም።

ጀርመን ደግሞ ኳስ ይዛ፣ ተከላካዮቿን ወደ መሀል ሜዳ አስጠግታ መጫወት ትወዳለች። ይህ አጨዋወት ከኋላ ሰፊ ባዶ ሜዳ ይተዋል። ያንን ሜዳ የሚሸፍነው ፍጥነትና ሁልጊዜ አብረው የተጫወቱ ሰዎች መግባባት ነው። በዚያ ክረምት ጀርመን ሁለቱም አልነበራትም። ፉርት ላይ የታየው ቁስል ይህ ነው፤ ኳስ ሲነጠቁ ከተከላካዩ ጀርባ ያለው ቦታ፣ በተለይ በመስመሮቹ በኩል።

ዛምቢያስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። ፉርት ላይ ያሸነፉት ሴቶች ኒውዚላንድ ሲደርሱ በጃፓን 5 ለ 0 ተሸነፉ። ቀጥሎ በስፔን 5 ለ 0። የመጨረሻውን ጨዋታ ኮስታሪካን 3 ለ 1 አሸንፈው፣ ባንዳም በፍጹም ቅጣት ምት የሴቶች ዓለም ዋንጫን 1000ኛ ጎል አስቆጥራ፣ ከምድቡ ሳያልፉ ተሰናበቱ።

"አየህ፣ የወዳጅነት ጨዋታ ይዋሻል" የሚል ይኖራል። እኔ ግን የዛምቢያንም የወዳጅነት ጨዋታዎች ደግሜ ስመለከት ውሸት አላይም። ከዓለም ዋንጫው በፊት በአየርላንድ 3 ለ 2 ተሸነፉ፣ ከስዊዘርላንድ ጋር 3 እኩል ወጡ፣ ጀርመንን 3 ለ 2 አሸነፉ። በሦስት ጨዋታ 8 ጎል አገቡ፣ 8 ጎል ተቆጠረባቸው። ጀርመንንም 2 ለ 0 እየመሩ ባከነ ሰዓት ላይ ሁለቱንም አስረክበው ነበር። ባንዳ ባትኖር የጨዋታው ትዝታ እሱ ይሆን ነበር። መከላከል እንደማይችሉ ሦስቱም ጨዋታዎች ተናግረዋል። ድሉ ነው የሸፈነው። በዚህ ላይ ዋና ግብ ጠባቂያቸው ሄዘል ናሊ ከጃፓን ጨዋታ በፊት ተጎዳች፤ የተተካችው ካትሪን ሙሶንዳም በዚያው ጨዋታ በቀይ ካርድ ወጣች።

ጃፓንና ስፔን ከጀርመን የተለየ ምን አደረጉ? ኳሱን ሲነጠቁ ወዲያው እዚያው አካባቢ ተረባርበው መልሰው ነጠቁ። ለባንዳ ኳስ የሚያቀብለው ሰው ቀና ብሎ ለማየት ጊዜ አላገኘም። ያቺ ረጅም ኳስ ካልተላከች የባንዳ ፍጥነት ምንም አይሠራም።

አውስትራሊያ ላይ

የጀርመን የመጀመሪያ የዓለም ዋንጫ ጨዋታ ከሞሮኮ ጋር ነበር። 6 ለ 0። ፖፕ ሁለት አገባች፤ ሞሮኮዎችም በራሳቸው ላይ ሁለት አስቆጠሩ። የፉርት ወሬ በአንድ ምሽት ጠፋ። በእኔ ግምት ከዘጠኙ ጨዋታዎች (ስምንቱ የወዳጅነትና ይህ) በጣም አሳሳቹ ይህኛው ነው። ሞሮኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም ዋንጫ ላይ የቀረበች፣ የፈራች ቡድን ነበረች። ከተከላካዩ ጀርባ የሚሮጥ ሰው አልነበራትም። ቁስሉን የነካው የለም፤ ስለዚህ የዳነ መሰለ።

ጁላይ 30፣ ሲድኒ፣ ኮሎምቢያ። 18 ዓመቷ የነበረው ሊንዳ ካይሴዶ በ52ኛው ደቂቃ ሳጥን ውስጥ ሁለት ተከላካዮችን በአንድ እጥፋት አልፋ ግሩም ጎል አገባች። ፖፕ በ89ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አደረገች። ከዚያ ምን መደረግ ነበረበት? አንድ ነጥብ ይዞ መውጣት ይበቃ ነበር። በ90+7ኛው ደቂቃ ኮሎምቢያ የማዕዘን ምት አገኘች። ማኑኤላ ቫኔጋስ ዘልላ በግንባሯ ገጨችው። 2 ለ 1። ጀርመን ከ1995 ወዲህ በዓለም ዋንጫ የምድብ ጨዋታ ስትሸነፍ የመጀመሪያዋ ነው።

ታሪኩን ከፉርት ጋር አነጻጽሩት። መመራት፣ መጨረሻ ላይ አቻ መሆን፣ አቻ እንደሆኑ መዘናጋት፣ መሸነፍ። አካሄዱ አንድ ዓይነት ነው። ዛምቢያ ላይ ሲሆን "አጋጣሚ" ይባላል። ሲድኒ ላይ ሲደገም ግን ልማድ ነው። ከአቻው ጎል በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንደሚጫወቱ ቡድኑ አያውቅም ነበር። ማን ይቆያል? ማን ይወጣል? ለድል እንሂድ ወይስ እንያዝ? ይህን የሚወስን ሰው ሜዳ ውስጥ አልታየም።

ኦገስት 3፣ ብሪዝበን፣ ደቡብ ኮሪያ። ገና በ6ኛው ደቂቃ አንዲት ኳስ በተከላካዮቹ መሀል ሾልካ አለፈች። ቾ ሶ-ህዩን ከጀርባቸው ሮጣ ደረሰችና አገባች። ይቺ ደግሞ ቁልጭ ያለች የፉርት ጎል ናት። ፖፕ በ42ኛው ደቂቃ በግንባሯ አቻ አደረገች። ከዕረፍት በኋላም አንድ ጎሏ ከጨዋታ ውጭ ተብሎ ተሻረ፣ አንድ ኳሷም አግዳሚውን መታ። የቀረው ጊዜ በሙሉ ወደ ፖፕ ራስ ኳስ ማሻገር ሆነ፤ ጨዋታውም 1 ለ 1 ቀረ። በዚያው ሰዓት ፐርዝ ላይ በ6 ለ 0 የተረታችው ሞሮኮ ኮሎምቢያን 1 ለ 0 አሸነፈች። ኮሎምቢያ 6፣ ሞሮኮ 6፣ ጀርመን 4 ነጥብ። አለቀ። በቀጣዩ የፊፋ ደረጃ ጀርመን ከ2ኛ ወደ 6ኛ ወረደች።

ሁሉም የወዳጅነት ጨዋታ ግን እኩል አይናገርም

ይህን ጉዳይ አይቶ "የወዳጅነት ጨዋታ የተሸነፈ ዓለም ዋንጫም ይሸነፋል" ብሎ መደምደም ስህተት ነው። እንግሊዝ በአሰልጣኝ ሳሪና ቪግማን ሥር 30 ጨዋታ ሳትሸነፍ ቆይታ፣ ኤፕሪል 2023 በወዳጅነት ጨዋታ በአውስትራሊያ 2 ለ 0 ተረታች። ከአራት ወር በኋላ በዓለም ዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ፣ በአውስትራሊያ በራሷ ሜዳ፣ ያንኑ ቡድን 3 ለ 1 አሸንፋ ለፍጻሜ አለፈች።

አሜሪካ ግን ሌላ ነገር ነው የሆነባት። ኦክቶበርና ኖቬምበር 2022 በእንግሊዝ፣ በስፔንና በጀርመን በተከታታይ ተሸነፈች። ከ1993 ወዲህ ሦስት ተከታታይ ሽንፈት አልደረሰባትም ነበር። የስፔኑ በተለይ የሚገርም ነው፤ ከአሰልጣኙ ጋር በተፈጠረው ውዝግብ 15 ተጫዋቾች የቀሩበት ስፔን ነው 2 ለ 0 ያሸነፋት። በሦስቱ ጨዋታዎች አሜሪካ ያገባችው 2 ጎል ብቻ ነው። ዓለም ዋንጫው ላይ ቬትናምን 3 ለ 0 ካሸነፈች በኋላ በቀሩት ሦስት ጨዋታዎች ያገባችው 1 ጎል ነው። በስዊድን በመለያ ምት ተሸንፋ ከ16ቱ ዙር ወጣች። ስፔን ዋንጫውን ወሰደች።

ልዩነቱ ምንድን ነው? የእንግሊዝ ሽንፈት የአንድ ምሽት ነገር ነበር። የአሜሪካ ጎል ማጣትና የጀርመን ጎል መቀበል ግን በተለያየ ተጋጣሚ፣ በተለያየ ሜዳ፣ በተለያየ ወር ተደጋገመ። የወዳጅነት ጨዋታ ላይ አሰልጣኝ ሰው ይሞክራል፣ እስከ 6 ተጫዋች ይቀይራል፣ የማዕዘን ምት ዘዴውን ይደብቃል፣ ተጫዋቹም እግሩን ይቆጥባል። ስለዚህ ውጤቱ ብዙ ጫጫታ አለበት። ይህ ሁሉ ተለዋውጦ ያልተለወጠ ነገር ካለ ግን ሊታይ የሚገባው እሱ ነው። በጀርመን በኩል ሰዉ ተቀየረ፣ ተጋጣሚው ተቀየረ፤ ከኋላ ያለው ክፍተትና የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች መዘናጋት ግን አልተቀየሩም።

ፎስ-ቴክለንቡርግን ብቻ መውቀስም አይመቸኝም። የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ኮንትራቷን እስከ 2025 ያራዘመው ኤፕሪል 2023 ላይ ነው፤ እዚያው የብራዚሉ ሽንፈት በደረሰበት ወር። ከላይ ያሉትም ሰዎች የሚያዩት ማሸነፍ መሸነፉን ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ

አሰልጣኟ ከዓለም ዋንጫው በኋላ በሕመም ፈቃድ ወጣች፤ ኖቬምበር 2023 ላይ ኮንትራቷ በስምምነት ፈረሰ። ቡድኑን ለጊዜው የተረከቡት አንጋፋው ሆርስት ህሩቤሽ ናቸው። ዕድልም ረዳቸው። በዚያው መኸር የአውሮፓ የሴቶች ኔሽንስ ሊግ ተጀመረና ድሮ ለወዳጅነት ጨዋታ የሚውለው ጊዜ በነጥብ ጨዋታ ተሞላ። ቀጥሎ የአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ መጣ። እስከ ፓሪስ ኦሊምፒክ ድረስ ህሩቤሽ የመሯቸው ጨዋታዎች ሁሉ ነጥብ ያለባቸው ነበሩ። ፌብሩዋሪ 2024 ኔዘርላንድስን 2 ለ 0 አሸንፈው የኦሊምፒክ ትኬቱን ቆረጡ።

ፓሪስ ላይ ምድቡ እንደገና ከዛምቢያ ጋር አገናኛቸው። ጀርመን 4 ለ 1 አሸነፈች። ባንዳ አሁንም አንድ አገባች፤ እሷን ጨርሶ ማቆም ከባድ ነው። በሩብ ፍጻሜው ካናዳን በመለያ ምት ጣሉ፣ በግማሽ ፍጻሜው በአሜሪካ በተጨማሪ ሰዓት 1 ለ 0 ተሸነፉ። ለነሐሱ ከዓለም ሻምፒዮኗ ስፔን ጋር ተጫወቱ። ግዊን በፍጹም ቅጣት ምት አስቆጠረች። ባከነ ሰዓት ላይ ስፔን ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች። አን-ካትሪን በርገር የአሌክሲያ ፑቴያስን ምት አዳነች። 1 ለ 0 አለቀ።

አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። ጀርመን ለ2025ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ማለፏን አስቀድማ ካረጋገጠች በኋላ ሁለት የማጣሪያ ጨዋታዎች ቀርተው ነበር። በስም የነጥብ ጨዋታዎች ናቸው፤ በተግባር ግን ከወዳጅነት አይለዩም። አንዱን በአይስላንድ 3 ለ 0 ተሸነፈች። በሌላው ጁላይ 16 ቀን 2024 ኦስትሪያን 4 ለ 0 ስታሸንፍ የመሀል ሞተሯ ሌና ኦበርዶርፍ የመስቀለኛ ጅማት ጉዳት ደረሰባት። ኦሊምፒኩ ሊጀመር ከሁለት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ነበር። ነሐሱን ያመጡት ያለ እሷ ነው።